በልጅ ልክ የተሠራ ጥርስ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የጥርስ ላቦራቶሪ፣ በጀሶ ብናኝ በነጣ ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠው ቴክኒሽያን ሰሙ ላይ የሰካትን ጥርስ መልሶ ነቀላት። «አሁንም ትልቅ ናት» አለ። ለአዋቂዎች ከሚመጡት ጥርሶች ትንሹን መጠን መርጦ፣ ግራና ቀኟን በሞተር ሞርዶ ነበር የሰካት። ከፊቱ ያለው የጀሶ ቅርጽ ግን የአራት ዓመት ልጅ መንጋጋ ነው። የአዋቂ ሰው የላይኛው የመሀል የፊት ጥርስ 8.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የወተት ጥርስ 6.5 ገደማ ነው። የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት በልጅ ፊት ላይ ጎልቶ ይታያል። የአዋቂ ጥርስ የገባለት ሕፃን አፉን በከፈተ ቁጥር፣ ያየው ሰው ሁሉ አንድ ያልገጠመ ነገር እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ቀለሙ ይቀጥላል። የወተት ጥርስ ከቋሚው ይልቅ ነጣ ስለሚል፣ ለአያት የሚመረጠው ቢጫ ያዘለ ቀለም እዚህ አይሆንም። ቴክኒሽያኑ ጥርሶቹን አጠጋግቶ አይደረድራቸውም፤ በመሀላቸው ክፍተት ይተዋል። የብዙ ጤናማ የአራት ዓመት ልጆች የፊት ጥርሶች ፈንጠር ፈንጠር ያሉ ናቸውና፤ ክፍተቱ ወደፊት ለሚመጡት ትልልቅ ጥርሶች የተያዘ ቦታ ነው። ይህ ጥርስ የሚሠራለት ልጅ ግን የሚመጡለት ጥርሶች እጅግ ጥቂት ናቸው። ወድቆ አልሰበራቸውም፣ ከረሜላም አልበላበትም። ሳይፈጠሩለት ነው የተወለደው።

ከልጁ ጋር የተገናኘነው ከላቦራቶሪው ቀደም ብሎ፣ የጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ነው። ስሙን አንጠራም። ከእናቱና ከአያቱ ጋር ነበር የመጣው። ጸጉሩ ስስና ወዘና የለሽ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ገልበጥ ያለ፣ ከዓይኑ ሥር ጠቆር ያለ ነው። አፉን ሲከፍት ከላይ ሁለት ሹል ጥርሶች ይታያሉ፤ ከታች ድድ ብቻ። በመጀመሪያ ልደቱ ጥርስ አልነበረውም። ጎረቤቱ ሁሉ «ዘግይቶ የሚወጣ ጥርስ ጠንካራ ነው፣ አይዞሽ» ሲላት እናቱ ሁለት ዓመት ጠበቀች። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሁለቱ ሹሎች ወጡ። ሌላ አልተከተላቸውም።

ሐኪሟ ገና አፉን ሳትመረምር ወደ አያትየው ዞረች። «እማማ፣ ሕፃን ሳለ ጥርስ አስነቅላችሁለት ነበር እንዴ?»

«ኧረ የለም! ምን ጥርስ ኖሮት ይነቀላል ልጄ?»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተጠየቀም። በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች፣ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ጥፋቱን ክራንቻው በሚወጣበት እብጠት ላይ ማሳበብና ድዱን ፈልቅቆ ገና ያልወጣውን ጥርስ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። እንጥል ከማስቆረጥ ጋር አብሮ የሚጠቀስ ጎጂ ልማድ ነው። ከሥሩ የተኛው የቋሚ ጥርስ ፅንስም አብሮ ይጎዳል፤ ልጁ ሲያድግ ጥርሱ ወይ ጨርሶ አይመጣም ወይ ተንሻፎ ይመጣል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን ያከሙ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ጉዳት አይተው እ.ኤ.አ. በ1994 በሕክምና መጽሔት ጽፈውበታል። ስለዚህ እዚህ አገር ጥርስ የጎደለው ልጅ ሲመጣ፣ ተነቅሎ ነው ወይስ ከጥንቱም አልነበረም የሚለው መጀመሪያ መለየት አለበት።

ቀጥሎ ሐኪሟ እናቲቱን «እስኪ አንቺ ሳቂልኝ» አለቻት። እናት አፍራ በእጇ አፏን ሸፈነች፤ ከዚያ ሳቀች። ከላይ ከመሀል ጥርሶቿ ቀጥሎ ያለው የግራው ጥርስ ትንሽና ሹል ነው፤ የቀኙ የለም። «ከእናቴ ወገን ነው፣ አጎቴም እንዲሁ ነበር» አለች። ሌላ ወንድ ልጅም በቤተሰቡ ውስጥ ነበረ፤ በጨቅላነቱ በትኩሳት ሞቷል። ሐኪሟ ራጁ ከመነሳቱ በፊት የምታውቀውን አወቀች።

ጥርስ መጉደል በራሱ ብርቅ አይደለም። የጥበብ ጥርስን ትተን ብንቆጥር፣ ከመቶ ሰዎች ለስድስት ያህሉ ቢያንስ አንድ ቋሚ ጥርስ ጨርሶ አይፈጠርላቸውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው የታችኛው ሁለተኛ ትንሽ መንጋጋ ወይም የላይኛው የጎን የፊት ጥርስ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። ከወተት ጥርስ የጎደለው ልጅ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስድስትና ከዚያ በላይ የጎደለው ጥቂት ነው፤ አንድም ጥርስ የሌለው ደግሞ እጅግ ጥቂት። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ነገሩ የጥርስ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

በስድስተኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ፣ የጽንሱ የላይኛው ሽፋን በመንጋጋው ዙሪያ ይወፍርና ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የጥርስ መነሻ እሱ ነው። ከዚያው ሽፋን ጸጉር፣ ጥፍርና ላብ አመንጪ ዕጢዎችም ይወጣሉ። ሐኪሞች ሽፋኑን ኤክቶደርም ይሉታል፤ ከእሱ የሚወጡት ነገሮች ተዛብተው የሚፈጠሩባቸውን በርካታ የዘር ሕመሞች ደግሞ ኤክቶደርማል ዲስፕሌዥያ ብለው በአንድነት ይጠሯቸዋል። በብዛት የሚታየው ዓይነት በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ካለው ኢዲኤ ከሚባል ዘረመል የሚመጣው ነው። ዘረመሉ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የሚሠራው ፕሮቲን «እዚህ ጥርስ፣ እዚህ የላብ ዕጢ ይሁን» ብሎ በሕዋሳት መካከል መልእክት ያደርሳል። መልእክቱ ሳይደርስ ሲቀር ጥርሶቹ ይጎድላሉ፣ ያሉትም ሹል ይሆናሉ፤ ጸጉሩ ይሳሳል፤ ላብ ያንሳል ወይም ጨርሶ አይኖርም።

ዘረመል የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት ቻርልስ ዳርዊን ስለዚህ ሕመም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛሬ የፓኪስታን ክፍል በሆነው በሲንድ ስለሚኖር አንድ የሂንዱ ቤተሰብ የተነገረውን አስፍሯል። በአራት ትውልድ ውስጥ አሥር ወንዶች ከላይና ከታች ተደምሮ አራት ትንንሽ የፊት ጥርሶችና ስምንት የኋላ መንጋጋዎች ብቻ ነበሯቸው። ጸጉራቸው ስስ ነበር፣ ገና በወጣትነት ይመለጡ ነበር፤ በሙቀት ወቅት ደግሞ ቆዳቸው እየደረቀ ይሠቃዩ ነበር። ሴቶች ልጆቻቸው ጤነኞች ናቸው፤ የሴቶቹ ወንዶች ልጆች ግን እንደ አያታቸው ይሆናሉ። እናትየው በክሊኒኩ ወንበር ላይ «ከእናቴ ወገን ነው» ያለችው ይኸው ነው። ዘረመሉን የተሸከመች ሴት ለእያንዳንዱ ወንድ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ እኩል በእኩል ነው፤ ሴት ልጇም እንደ እሷ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ እንዲሁ ግማሽ ነው። እሷ ላይ የሚታየው ምልክት ብዙ ጊዜ አንድ ሹል ጥርስና አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ይሆናል።

ከጥርሱ በፊት ሕይወትን የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። ላብ የሌለው ሕፃን ሰውነቱ የሚቀዘቅዝበት ዋናው መንገድ የለውም። ሞቅ ባለ ክፍል፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ያለ ምንም ኢንፌክሽን ሊያተኩሰው ይችላል። ሐኪም ቤት ሲሄድ የወባ ምርመራ፣ ከዚያ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዛል፤ ትኩሳቱ ግን ይመለሳል። እንግዲህ ጥርሱ ያልወጣ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት የሚመላለስበት ሕፃን ይዞ ጭንቅ ውስጥ ያለ ቤተሰብን እናስብ። ትኩሳትን በድድ እብጠት ማሳበብ በተለመደበት አካባቢ ይህ ልጅ በምን ዓይነት እጅ ሊወድቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ልብሱን ማቅለል፣ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ጥላና ውሃ አለማሳጣት ነፍስ ያድናል። በድሬዳዋም ሆነ በአፋር የሚያድግ እንዲህ ያለ ልጅ፣ በቀትር ከመምህሩ ፈቃድ ሳይጠይቅ ራሱን የሚያርስበት የውሃ ዕቃ አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

ራጁ ተነሣ። መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ምስል የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ነው። በዚህ ዕድሜ የበርካታ ቋሚ ጥርሶች ጀማሬ በአጥንቱ ውስጥ መታየት አለበት። በዚህ ልጅ መንጋጋ ውስጥ የታዩት አራት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ከላይ። ሐኪሟ ምስሉን ለእናቲቱ አሳየቻትና ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ ልጁ እየሰማ፣ «ጥርስ እንሠራለታለን» አለች።

እናትየው ቀድማ ሌላ ምክር ሰምታ ነበር። አንድ ቦታ «አሁን ምንም አይደረግም፤ ሲያድግ ይተከልለታል» ተብላለች። ይህ ምክር ብዙ ቤተሰብ ጋ የደረሰ ነው፤ ግማሹ እውነት በመሆኑ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከለው የቲታኒየም ሥር፣ ለሚያድግ ልጅ እንደ ደንቡ አይሆንም። የተፈጥሮ ጥርስ መንጋጋው ሲያድግ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ኢምፕላንት ግን ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ የተተከለበት ቦታ ይቀራል፤ በሚያድግ ዛፍ ላይ እንደተመታ ሚስማር በዓመታት ውስጥ እየተዋጠ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የስዊድን ጥናት፣ ከ1985 እስከ 2005 በልጆች የታችኛው መንጋጋ ላይ የተተከሉትን ወደኋላ ሄዶ ተመልክቷል። ኤክቶደርማል ዲስፕሌዥያ ካለባቸው አምስት ልጆች ላይ ከተተከሉት 14 ኢምፕላንቶች ዘጠኙ ሳይይዙ ቀርተዋል፤ መንጋጋቸው ትንሽና አጥንቱ አስቸጋሪ ነበር። የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ወርዱን ቀድሞ ስለሚጨርስ፣ በጥንቃቄ የተመረጡ ልጆች እዚያ ቦታ ላይ ቀደም ብሎ ሊተከልላቸው ይችላል፤ ያ ግን የልዩ ሐኪሞች ቡድን ውሳኔ ነው። ለሌላው እድገቱ እስኪያበቃ፣ ማለትም እስከ አሥራዎቹ መጨረሻ ወይም ከዚያ ትንሽ አልፎ መጠበቅ ግድ ነው።

ታዲያ ከአራት ዓመት እስከ 18 ዓመት ያለው ጊዜ ምን ይሁን? «ጠብቁ» የሚለው ምክር የሚዘለው ይህን ነው። የሚዘለለው ደግሞ ልጅነቱ በሙሉ ነው፦ ማኘክ የሚለመድበት፣ አንደበት የሚፈታበት፣ ትምህርት ቤት የሚገባበት፣ ከእኩያ ጋር የሚሳቅበት ዕድሜ። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ለዚህ ዘመን የሚሆን ትክክለኛው ሕክምና ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ የሚነገረውን መስማት ከቻለ፣ ከሦስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ሊሠራለት ይችላል። ሲያድግ ይቀየራል፤ እንደገና ሲያድግ እንደገና። ጫማው ሲጠብበት ሌላ የሚገዛለትን ልጅ እግሩ እድገት እስኪጨርስ ባዶ እግሩን ሂድ የሚለው የለም፤ በጥርስ ላይ ግን ይባላል፣ ይህ መቅረት አለበት።

ሥራው የሚጀምረው የአፉን ቅርጽ ከመውሰድ ነው። ለልጅ ከባዱም ይኼው ነው። ከባሕር አረም የሚሠራው አልጂኔት የሚባል ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ በትንሽ ትሬ ተደርጎ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ረግቶ ይወጣል። አዋቂው እንኳ ያቅለሸልሸዋል። ሐኪሟ አልቸኮለችም። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልወሰደችም፤ ባዶውን ትሬ ሰጥታው ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለተኛ ሲመጣ ሊጡን በጣቱ ነካው፣ ሽታውን አሸተተ። ከዚያ በመጀመሪያ የድብ አሻንጉሊት «አፍ» ላይ ተደረገ።

«አሁን የአንተ ተራ ነው፣ አንበሳው። ራስህን ወደፊት ዘንበል። በአፍንጫህ ተንፍስ። ቀኝ እግርህን አንሣልኝ፤ እንዳታወርደው!»

እግሩን አየር ላይ ይዞ ለማቆየት ሲታገል ትሬው ገብቶ ወጣ። የእግሩ ነገር ጨዋታ ቢመስልም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ልጁ ልቡን እግሩ ላይ ሲጥል ጉሮሮውን ይረሳል። አቅሙ ያላቸው ክሊኒኮች አሁን ትሬውንም ትተው ትንሽ ካሜራ በአፍ ውስጥ እያዞሩ ቅርጹን በኮምፒውተር ይወስዳሉ። ለሚያቅለሸልሸው ልጅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ቅርጹ ውስጥ ጀሶ ይፈስሳል፤ የመንጋጋው አምሳያ ይወጣል። በእሱ ላይ የሰም ጉብታ ተሠርቶ ልጁ ይነክሰዋል፤ ላይኛውና ታችኛው መንጋጋ የሚገናኙበት ከፍታ የሚለካው ያኔ ነው። ይህ ልኬት የፊቱን ቅርጽ ይወስናል። ጥርስ የሌለው ልጅ ሲነክስ አገጩ ወደ አፍንጫው ይጠጋል፣ ከንፈሩ ይገለበጣል፤ የአራት ዓመቱ ሕፃን የሽማግሌ አፍ ይይዛል። ከፍታው ሲመለስ ፊቱ የዕድሜውን ይመስላል። ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው አንዴ አፉ ውስጥ ይሞከራሉ፤ ከተስማማ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ሮዝ አክሪሊክ ገብቶ በሙቀት ይበስላል። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ቁስ ይኸው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይጠገናል፣ ልጁ ሲያድግ ከሥሩ ሊታከልበት ይቻላል። አንዳንድ ሐኪሞች የላይኛውን መሀል ለመሀል ሰንጥቀው ትንሽ ብሎን ያስገቡበታል፤ ላንቃው ሲሰፋ ብሎኑ ይዞራል፣ ጥርሱም አብሮ ይሰፋል።

ሁለቱን ሹል ጥርሶች በተመለከተ አያትየው ይነቀሉ ብለው ነበር፤ «ያስጠላሉ» ብለው። ሐኪሟ አጥብቃ እምቢ አለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ጥርሱን የሚይዘው የመንጋጋ ጠርዝ አጥንት የሚፈጠረው ከጥርሱ ጋር ነው። ጥርስ ባልነበረበት ቦታ ጠርዙ እንደ ስለት የቀጠነ ይሆናል፤ የልጁ የታችኛው ድድ እንዲያ ነው። ያሉት ሁለቱ ከተነቀሉ የላይኛውም ወደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ሹልነታቸው በነጭ የጥርስ መሙያ ተሞልቶ መደበኛ ቅርጽ ይይዛሉ፤ የሰው ሠራሹ ሽቦ እነሱን አቅፎ ይቆማል፣ ወይም ሰው ሠራሹ ከላያቸው ላይ ይለበሳል። ልጁን ከጥርስ መበስበስ መጠበቅም እዚህ ላይ ነው ትርጉሙ፦ ሁለት ጥርስ ላለው ልጅ እያንዳንዷ ጥርስ ምሰሶ ናት።

የታችኛው ግን ምሰሶ የለውም። በቀጠነ ጠርዝ ላይ፣ ያለ አንዲት ጥርስ፣ በምላስ ግፊት መሀል መቆም አለበት። ብዙዎቹ ልጆች ምራቃቸውም ያንሳል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ ላይ የሚጣበቀው ደግሞ በምራቅ ነው። ይህን ለወላጅ ፊት ለፊት መናገር ያስፈልጋል። የታችኛው ይንሸራተታል። መጀመሪያ ላይ ሲበላ አውልቆ ሲስቅ የሚያደርግ ልጅ አለ። ምላሱና ጉንጩ እንዴት እንደሚይዙት እስኪማሩ ሳምንታት ይወስዳል፤ ከአዋቂው ይልቅ ልጁ ቶሎ ይለምዳል።

በርክክቡ ቀን ልጁ መጀመሪያ ተፋው። ሁለተኛም ተፋው። ሐኪሟ አልጫነችውም፤ ጥርሱን መዳፉ ላይ አስቀምጣ መስታወት ሰጠችው። «አንተው አግባው። የአንተ ነው።» ገለባብጦ አየው፣ የላይኛውን በራሱ እጅ አስገባው፣ በአውራ ጣቱ ገፋው። ምራቁ ሞላና በአገጩ ወረደ። ከዚያ ላይና ታቹን አጋጨው። ቀጭ አለ። ዓይኑ ፈጠጠ፤ እንደገና አጋጨ። በሕይወቱ ጥርሱ ከጥርሱ ጋር ሲጋጭ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ክፍሉን በዚያ ድምፅ ሞላው፤ አያትየው «በቃ፣ ትሰብረዋለህ!» እስኪሉ ድረስ አላቆመም።

ሐኪሟ የሰጠችው ምክር አጭር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ። ሌሊት ወልቆ ውሃ ውስጥ ይደር፤ ድዱ ያርፋል፣ አክሪሊኩም አይደርቅም። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፤ በፈላ ውሃ ግን አይሆንም፣ ይጣመማል። ከለመደው ከፍትፍትና ከገንፎ በቀጥታ ወደ ቆሎ አይዘለል፤ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ እያለ በሁለቱም ጎን እንዲያኝክ ይማር። ቀይ ቦታ ከወጣበት ወላጅ በቢላ እንዳይሞርደው፤ ይምጣ። ስሙም በሮዙ አክሪሊክ ውስጥ ተጽፎለታል፤ የልጅ ጥርስ በመዋዕለ ሕፃናት በመሐረብ ተጠቅልሎ ከምሳ ትራፊ ጋር ይጣላልና። ከተሰበረ ስባሪው ሁሉ ይለቀም። አክሪሊክ በተለመደው ራጅ ስለማይታይ፣ የተዋጠውን ቁራጭ መፈለግ አስቸጋሪ ነው።

አንደበቱ ጊዜ ይፈልጋል። «ፈ»ን ለማለት የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት። «ሰ»፣ «ዘ» እና «ጸ» አየሩን ወደ ጥርስ ጠርዝ አጥብበው ይልካሉ። ጥርስ የሌለው ልጅ እነዚህን በከንፈሩና በምላሱ እያብቃቃ ይናገራል፤ ቤተሰቡ ይረዳዋል፣ መምህሩ አይረዳውም። ጥርሱ ከገባ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጭራሽ ይብስበታል፤ ምላሱ አዲስ ግድግዳ ያገኛልና። ዘፈን ማዘፈን፣ ጮክ ብሎ ማስቆጠርና ፊደል ማስጠራት ይረዳል። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። እኩዮቹ የተነቃነቀ ጥርሳቸውን አስነቅለው ጣሪያ ላይ ሲወረውሩ እሱ የሚወረውረው የለውም። አንዳንድ ሐኪሞች የሰባት ዓመቱን ልጅ ጥርስ ሲሠሩ አንዱን የፊት ጥርስ ሆን ብለው ይተዉለታል፤ ወይም ከሌላው አጠር አድርገው ይሠሩታል፣ ገና እየወጣ ያለ እንዲመስል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ልጅን ከሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚመነጨው።

በየስድስት ወሩ ይታያል፤ ሲላላ ከሥሩ ይሞላል፤ እንደ እድገቱ በሁለት በሦስት ዓመት አዲስ ይሠራል። ወጪው አንዴ ተከፍሎ የሚያበቃ አለመሆኑ ቤተሰብን የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ለውበት ከሚደረጉ ሕክምናዎች ጋር ደምሮ ከሽፋኑ ውጭ አድርጎት ነበር። ሐሳቡ ሲወጠን የታሰበው ሽማግሌው ይሆናል፤ ሳይፈጠሩለት የተወለደው ሕፃን ግን በዚያው ቃል ውጭ ቀረ። የሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በምትገኘው ማስኩታ ከተማ፣ ልጇ ይህ ሕመም ያለበት ሜሪ ኬይ ሪክተር የምትባል እናት እ.ኤ.አ. በ1981 የኤክቶደርማል ዲስፕሌዥያ ብሔራዊ ፋውንዴሽንን መሠረተች። ድርጅቱ ከአርባ ዓመት በኋላም ከመድን ኩባንያዎች ጋር የሚሟገተው ስለዚሁ ነው፦ ጥርስ ሳይፈጠር መወለድ የተፈጥሮ ጉድለት ነው፣ ሕክምናውም እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ጉድለት ሕክምና ይሸፈን። ይህን የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ310 ድምፅ ለ110 አለፈ፤ ሴኔቱ ሳያጸድቀው ያ የሥራ ዘመን አለቀ። ማኘክን ውበት ብሎ የመዘገበ ሰነድ፣ የትም አገር ይሁን፣ መታረም አለበት። የእኛው ይታረም ቢባል የሚጠቀሙት ልጆች ቁጥር ጥቂት ነው፤ ወጪውም በዚያው ልክ ጥቂት ይሆናል።

እናቲቱ ለክትትል ስትመጣ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሁለተኛ ልጅ ማሰቧን ከተናገረች በኋላ፣ «ዶክተር፣ ለዚህ ነገር መድኃኒት የለውም?» አለች።

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። በጀርመን፣ በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስለሆነው ነገረቻት። እዚያ አንዲት የታመመ ልጅ ያላት እናት እ.ኤ.አ. በ2016 መንታ አርግዛ ነበር፤ የሁለቱም ጽንሶች የጥርስ ጀማሬ በማኅፀን ሳሉ ሲቆጠር ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ሆልም ሽናይደር የሚባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የጎደለውን ፕሮቲን በ26ኛውና በ31ኛው ሳምንት በእንሽርት ውሃው ውስጥ ወጉት። ጽንስ የእንሽርት ውሃ ይውጣል፤ መድኃኒቱንም አብሮ ዋጠው። ያው ፕሮቲን ቀድሞ ለተወለዱ ጨቅላዎች ተሰጥቶ ለውጥ አላሳየም ነበር፤ ጊዜው አልፎባቸዋልና። መንታዎቹ ግን ተወልደው አላባቸው፤ የጥርስ ጀማሬያቸውም ከታላቅ ወንድማቸው በዛ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ፣ ጥናቱም በሌሎች እናቶች ላይ ቀጠለ። በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የጥርስን እድገት የሚገታውን ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 64 በሆኑ 30 ወንዶች ላይ መሞከር ጀመረ፤ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ጉዳት አለማስከተሉ ነበር። ከዚያ ቀጣዩ ሙከራ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ለሆኑ፣ አራትና ከዚያ በላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ለተወለዱ ልጆች ታስቧል።

«እስኪደርስ ስንት ዓመት ይሆናል?»

«አላውቅም። እንዳልዋሽሽ።»

እናትየው ልጇን አየችው። የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበር ላይ ተንበርክኮ ዳቦ በፊት ጥርሱ ሊገምጥ ይታገላል፤ የላይኛው ሸርተት ሲል በምላሱ ገፍቶ ይመልሰዋል።

«እሱ እንግዲህ ለሚወለደው ነው» አለች። «መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይገባል። ይኼኛው እስከዚያ ያደርሰዋል ወይስ ነሐሴ ላይ ላምጣው?»

ሐኪሟ ካርዱን አገላብጣ «ነሐሴ ላይ አምጪው፣ ሳይከፈት እናየዋለን» አለችና ጻፈችላት።